የ25 ኪሎው የውሃ ማጣሪያ ካርበን ባዮጋዝ ለማጠራቀም ይሆናል? ለወሎ ተጠቃሚዎች የቀረበ ግምገማ

የምንገመግመው ከኮኮነት ቅርፊት የተሠራውን፣ ለውሃ ማጣሪያ ተብሎ በ25 ኪሎ ከረጢት የሚሸጠውን ጥራጥሬ አክቲቬትድ ካርበን፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በሙቀት ወይም በኬሚካል የተከፈቱ ከሰል ነው። ከአዲስ አበባ ታዝዞ ደሴም ኮምቦልቻም ይደርሳል። ውሃ በማጣራት ሥራው ላይ ጥያቄ የለንም። ጥያቄያችን ከእበት የሚወጣውን ባዮጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ለማጠራቀም ይበቃል ወይ የሚለው ነው። አንድ ቦታ ተተክሎ በዝቅተኛ ግፊት ለሚሠራ ማጠራቀሚያ ይበቃል። በትከሻም በአህያም ከቤት ቤት ለሚዞር ሲሊንደር ግን አንመክረውም። ይህን ያልንበት ምክንያት ስሌቱ ላይ ስለሆነ ስሌቱን ሳንሸራርፍ እናቀርባለን።

የባዮጋዝ ነዳጁ ሜቴን ነው፤ ሜቴን ደግሞ በሲሊንደር እንደሚሸጠው የወጥ ቤት ጋዝ፣ እንደ ኤልፒጂ፣ ተጨምቆ ፈሳሽ አይሆንም። ከዜሮ በታች 82.6 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በስተቀር የቱንም ያህል ቢጫኑት ጋዝ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ በብዛት ለመያዝ ያለው መንገድ በ200 እና በ250 ባር (አንድ ባር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) መካከል ማመቅ፣ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ፣ ወይም ቀዳዳ በበዛበት ጠጣር ነገር ላይ ማስያዝ ነው። የመጨረሻው አድሶርፕሽን ይባላል። በካርበኑ ውስጥ ያሉት ዋና ቀዳዳዎች ከ2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይጠብባሉ፤ የሜቴን ሞለኪውል ስፋት ደግሞ 0.38 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሞለኪውሉ እዚያ ሲገባ የግራና የቀኙ ግድግዳ አብረው ስለሚስቡት፣ ጋዙ ውጭ ካለው እጅግ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ለሜቴን ከሁሉ የሚመቸው 1.1 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ነው። ጥሩ የኮኮነት ካርበን በአንድ ግራም 1,000 ካሬ ሜትር አካባቢ የውስጥ ገጽ አለው።

አሁን ወደ መጠኑ። ይህን ካርበን መመዘን ያለብን በያዘው ሳይሆን መልሶ በሰጠው ጋዝ ነው። 35 ባር ላይ በጥሩ ሁኔታ የተሞላ አንድ ሊትር የዚህ ካርበን ሲከፈት ወደ 70 ሊትር ሜቴን ይሰጣል። በ8 ባር ደግሞ ወደ 30 ሊትር። ባዶ ሲሊንደር በ35 ባር 36 ሊትር ገደማ፣ በ8 ባር 8 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። በ8 ባር ካርበኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠቅማል፣ በ35 ባር ሁለት እጥፍ፣ በ200 ባር ግን የካርበኑ አካል ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ባዶው ሲሊንደር ይበልጠዋል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የካርበኑ ጥቅም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከፍተኛ ግፊት ፍለጋ ገንዘቡን ያወጣል።

አንድ ሊትር የዚህ ካርበን በልኩ ሲጠቀጠቅ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 40 ሊትር የሚይዝ የብረት ሲሊንደር 20 ኪሎ ይወስዳል፤ ከከረጢቱ የሚተርፈው 5 ኪሎ ለመግቢያ ማጣሪያ ይውላል። ይህ ሲሊንደር በ35 ባር 2.8 ሜትር ኩብ ሜቴን ይሰጣል፤ ጉልበቱ 100 ሜጋጁል፣ ማለትም ከ2.2 ኪሎ ኤልፒጂ ጋር እኩል ነው። በ8 ባር 1.2 ሜትር ኩብ ሜቴን ይሰጣል፤ ይህም ከአንድ ኪሎ ኤልፒጂ ትንሽ ያንሳል። በሰዓት 0.4 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ (በውስጡ ያለው ሜቴን 0.24 ገደማ) በሚወስድ ምድጃ ብናሰላው የመጀመሪያው ወደ 12 ሰዓት፣ ሁለተኛው ወደ 5 ሰዓት ያነዳል። ሲሊንደሩ ከነካርበኑ 70 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ግን ተሸክሞ መሄዱ የሚያዋጣ አይደለም። ከጎረቤት ለጎረቤት ጋዝ ማድረስ ለሚፈልግ ያለ ግፊት የሚሠራው፣ በጀርባ የሚታዘለው የባዮጋዝ ከረጢት ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን ይሻለዋል። ካርበኑ ቦታው እበቱ ባዮጋዝ የሚሰጥበት ማብላያው አጠገብ ነው፤ ቀን የተመረተውን ተቀብሎ ማታ ወጥና ቡና ለሚጣድበት፣ ወይም ጄኔሬተር ለሚነሳበት ሰዓት ያቆያል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታይ? ከረጢቱ ላይ የአዮዲን ቁጥር፣ ማለትም አንድ ግራም ካርበን የሚይዘው የአዮዲን መጠን ይጻፋል፤ በአንድ ግራም 1,000 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ይፈልጉ። 900 ለውሃ ይበቃል፣ ለጋዝ ግን ደካማ ነው። አመድ ከ5 በመቶ፣ እርጥበትም ከ5 በመቶ አይብለጥ። የጥራጥሬው መጠን በሜሽ፣ ማለትም በተነፋበት ወንፊት ቁጥር ነው የሚጻፈው፦ 8 በ30 የሚለው ከ0.6 እስከ 2.4 ሚሊሜትር ያለው ሲሆን ለዚህ ሥራ የመረጥነው እሱን ነው። 4 በ8 የሚባለው ትልልቁ በጥራጥሬዎቹ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ ይተዋል። 12 በ40 የሚባለው ደቃቁ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ ግን ቫልቭ ይደፍናል። ወረቀቱን ብቻ አይመኑ። አንድ ሊትር ሞልተው ይመዝኑት፤ ከ450 ግራም በታች ከሆነ ለሲሊንደር አይረባም፤ በጣም ከከበደ ደግሞ እርጥበት አለበት ወይም በደንብ አልተቀዳደደም። በጣት ሲያሹት ጥላሸት ብቻ ሆኖ ከቀረ ለስላሳ ነው፤ ጥሩው የኮኮነት ካርበን ድንጋይ ድንጋይ ይላል። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢጨምሩት ደረቁና ጤነኛው እየተንሿሿ አረፋ ያወጣል፤ ዝም ብሎ የሚሰጥም ካርበን ቀዳዳው ቀድሞ ተይዟል። ሁለት ናሙና ለማወዳደር ደግሞ የቁስል አዮዲን ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ከእያንዳንዱ ናሙና እኩል መጠን ፈጭቶ ጨምሮ መናጥ ይቻላል። ቀለሙን ቶሎ ያጠፋው ይሻላል።

ከረጢቱ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ ብንል ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ካርበን የነዳጅ፣ የቀለምና የቲነር ሽታ በያዘው አየር ውስጥ ከቆየ ያንን ሁሉ ይጠጣል፤ ከባድ ሞለኪውሎች ደግሞ ሜቴን ሊያባርራቸው አይችልም። ከናፍጣ በርሜል አጠገብ የከረመ፣ የውስጥ ላስቲኩ የተቀደደ ከረጢት በርካሽ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

ከቆቦ ሜዳ ወይም ከባቲ ገበያ የሚመጣው የምድጃ ከሰልስ? አይሆንም። የምድጃ ከሰል ተቃጥሎ የከሰለ እንጂ አክቲቬት የተደረገ ስላልሆነ ቀዳዳዎቹ ገና አልተከፈቱም። ለመክፈት ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ በውሃ እንፋሎት መተኮስ፣ ወይም በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በፎስፎሪክ አሲድ መሥራት ያስፈልጋል። ጥሬ ዕቃው ግን በእጃችን አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበቆሎ ቆረቆንዳ በሠሩት ካርበን በ35 ባር የአንዱን ሊትር 180 እጥፍ ጋዝ መያዝ እንደቻሉ አሳውቀው ነበር። ቆረቆንዳው ወሎም ሞልቷል፤ የማሽላ አገዳውም፣ የሐይቅና የባቲ የጫት ገራባም ይጣላል። አገዳና ገራባ ልል ካርበን ስለሚሰጡ መጠቅጠቅ፣ በማጣበቂያም መጋገር ይፈልጋሉ። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ሊይዙት የሚገባ ርዕስ ይመስለናል፤ ከውጭ የሚገባውን ከረጢት የሚተካው እዚሁ የሚሠራ ካርበን ነውና።

ስለ ሲሊንደሩ ምንም መለሳለስ የለብንም። የወጥ ቤት ኤልፒጂ ሲሊንደር ውስጥ ካርበን አትሙሉ። ግድግዳው የተሠራው ለ17 እና ለ18 ባር አካባቢ ስለሆነ 35 ባር ከሙከራ ግፊቱም ያልፋል። በ8 ባር ብቻ እጠቀምበታለሁ ለሚልም ሌላ አደጋ አለ፤ ይህ ሲሊንደር አንድ ቀን ተቀይሮ ወደ መሙያ ጣቢያ ቢመለስ ውስጡ ካርበን እንዳለ ማንም አያውቅም። ፈሳሽ ኤልፒጂ ሲጨመርበት ለመስፋፊያ የሚተወው ቦታ በካርበን ተይዞ ስለሚጠብቀው ይፈነዳል። የኦክስጅን ሲሊንደር ጥንካሬው ከበቂ በላይ ነው፤ ግን ካርበን ከገባበት በኋላ ወደ ኦክስጅን ሥራ መመለስ የለበትም፤ በግፊት ያለ ኦክስጅንና ካርበን ሲገናኙ ፈንጂ ናቸው። ቀለሙ ይቀየር፣ “ካርበን አለበት፣ ለባዮጋዝ ብቻ” ተብሎ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት፣ በውሃ ግፊት የተፈተሸበት ቀን አንገቱ ላይ መታተሙም ይረጋገጥ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ካርበኑን በወንፊት ነፍቶ ብናኙን ማስወገድ ይቅደም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ደጅ። ቀጥሎ በ120 ዲግሪ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት ማድረቅ። በርሜል ላይ በእሳት የሚያደርቅ ሰው ይጠንቀቅ፤ ታቹ ቀልቶ ካርበኑ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ገና ሞቅ እንዳለ በቀጭን ማፍሰሻ እየጨመሩ፣ የሲሊንደሩን ጎን በእንጨት መዶሻ ደጋግሞ መምታት ያስፈልጋል። ሳይመታ የተሞላና ተመትቶ የተሞላ ሲሊንደር በካርበን ክብደት በግልጽ ይለያያሉ፤ 20 ኪሎው ካልገባ አልጠቀጠቀም ማለት ነው። ከቫልቩ ሥር የማይዝግ ብረት ወንፊት፣ ከ0.2 ሚሊሜትር ያልሰፋ፣ ከጀርባው የመስታወት ሱፍ ይደረግ። እዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ ሰው የመጀመሪያ ብልሽቱን የሚያየው ሬጉሌተሩ ላይ ነው፦ ብናኝ መቀመጫው ላይ ገብቶ ቫልቩ አልዘጋ ይላል፣ ምድጃው ጠፍቶም ጋዝ ያፈሳል።

ከዚያ አየሩ መውጣት አለበት። ካርበን ኦክስጅንም ስለሚይዝ ክዳኑን ዘግቶ ጋዝ መልቀቅ አይበቃም። የፍሪጅ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ቫኪዩም ፓምፕ ለብዙ ሰዓት ይሥራ፣ ሲሊንደሩም በፀሐይ ወይም በሞቀ ውሃ ይሙቅ። በመቀጠል እስከ 2 ባር ባዮጋዝ ሞልቶ፣ እሳት በሌለበት ሜዳ ላይ መልቀቅ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ መድገም። ሜቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሆኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ይፈነዳልና ይህ ደረጃ አይዘለልም። በዚሁ ምክንያት ጋዙን በሚያምቀው ኮምፕረሰር ማብላያውን ወደ ውስጥ እስኪስብ መምጠጥ አደገኛ ነው፤ ጋዙ የሚጠራቀምበት የማብላያው ጉልላት ከውጭ አየር ያነሰ ግፊት ካገኘ በስንጥቁ ሁሉ አየር ያስገባል። የመምጠጫው መስመር ላይ ግፊት ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ይኑር። ጋራዥ ውስጥ ያለው የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር 8 ባር ቢደርስም ለነዳጅ ጋዝ አልተሠራም፦ በፒስተኑ ዙሪያ ያፈሳል፣ ሞተሩ ብልጭታ ይሰጣል፣ ዘይቱም ከጋዙ ጋር ሄዶ የካርበኑን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይደፍናል። ዘይት የሌለው፣ ለነዳጅ ጋዝ የተሠራ ኮምፕረሰር ካልተገኘ ሥራው ባይጀመር ይሻላል። የጠቅላላው ሥርዓት ውድ ክፍልም ይኸው ኮምፕረሰር ነው፤ ካርበኑ አይደለም።

ካርበኑን የሚገድለው ግን ከሁሉ በላይ የጋዙ ቆሻሻ ነው። ከማብላያ የሚወጣ ጋዝ በአብዛኛው ከ55 እስከ 65 በመቶ ሜቴን ነው፤ የቀረው ካርበን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ውሃና የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አለበት። ሰልፋይዱ ካርበኑ ላይ ወደ ድኝነት ተለውጦ ይቀራል፤ ከእርጥበት ጋር ሆኖም ጠንካራውን የሲሊንደር ብረት ይሰነጥቃል። በሚሊዮን 2,000 እጅ ሰልፋይድ ያለበት ጋዝ በሜትር ኩብ 3 ግራም ያመጣል። የተረፈው 5 ኪሎ ካርበን የክብደቱን 1 በመቶ ቢይዝ 50 ግራም ነው፤ ከ17 ሜትር ኩብ በኋላ አለቀለት። ስለዚህ ከፊቱ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ የተሞላ ቱቦ ይቅደም፣ ካርበኑ የመጨረሻ ጠባቂ ይሁን። ፍቅፋቂው ሲጠቁር አውጥቶ ውሃ እያርከፈከፉ አየር ማስመታት ያድሰዋል፤ ደረቁን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማስጣት ግን ያግለዋል፣ እስከ መቀጣጠልም ይደርሳል። ሽታው ጠፋ ብሎ መዝናናትም አይገባም፤ ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል።

ካርበን ዳይኦክሳይድ የተለየ ጣጣ አለው። ካርበኑ ከሜቴን ይልቅ እሱን አጥብቆ ይይዛል። ያልጠራ ባዮጋዝ ሲሞላ በመጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ በጥሩ ሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፣ ወደ መጨረሻው ነበልባሉ ይደክማል፣ ይዘላል፣ ይጠፋል። ያልወጣው ዳይኦክሳይድ ለሚቀጥለው ሙሌት ቦታ ስለማይለቅ መጠኑ በየዙሩ ይቀንሳል። ብዙዎች “ካርበኑ አረጀ” የሚሉት ይህንን ነው፤ ቫኪዩም ቢደረግበትና ቢሞቅ ይመለሳል። በኖራ ለማጥራት ለአንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ 1.3 ኪሎ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ንጹሕ ኖራ ይበላልና ለሙከራ እንጂ ለየቀኑ አይሆንም። በ8 ባር በውሃ ማጠብ ይሻላል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ በትንሹ 140 ሊትር፣ በተግባር 200 ሊትር ውሃ ይጠይቃል። ውሃው ግፊቱ ሲለቀቅለት ዳይኦክሳይዱን ስለሚተፋ ተመልሶ ይሠራል፤ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቀበሌ ይህ መመላለሻ ከሌለ ነገሩ አይታሰብም። እርጥበቱን ደግሞ የውሃ ወጥመድና ሲሊካ ጀል ይይዘዋል። በክረምት ደሴን ጉም ሲሸፍናት ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ካርበን ከአየሩ ብቻ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ መልሶ ከማድረቅ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሙቀትን ንቀው የሚሠሩ ሰዎች መጠናቸው ለምን እንዳነሰ ሳይገባቸው ይቀራል። ሜቴን ካርበን ላይ ሲያርፍ በሞል (ወደ 24 ሊትር ጋዝ) 17 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። 2.8 ሜትር ኩብ ሲገባ ወደ 2 ሜጋጁል ነው፤ ይህ ሙቀት ካልወጣ ካርበኑንና ብረቱን አብሮ ከነበሩበት ሙቀት በላይ እስከ 50 ዲግሪ ሊጨምርባቸው ይችላል። የሞቀ ካርበን ጋዝ አይዝም። ጌጁ 35 ባር አሳይቶ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወርዶ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ያፈሰሰ ሳይሆን ሳይሞላ የቀረ ነው። ሲሊንደሩን እስከ አንገቱ ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ አቁሞ በበርካታ ሰዓት ቀስ ብሎ መሙላት ይረዳል። ሲወጣ ተቃራኒው ይሆናል፣ ይቀዘቅዛል፤ ለምድጃ ፍጆታው ቀርፋፋ ስለሆነ አያስቸግርም፤ ሞተር ግን ቶሎ ስለሚስብ ካርበኑ ቀዝቅዞ ጋዙን ይዞ ይቀራል።

ለወሎ የተለየ ጥንቃቄ እዚህ ይመጣል። ደሴ ብርድ ላይ የተሞላ ሲሊንደር በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ወይም አልፎ ባቲ ፀሐይ ላይ ቢቆም፣ ግፊቱ ከባዶ ሲሊንደር ይልቅ ብዙ ይጨምራል፤ ጋዙ ከመስፋቱ ሌላ ከካርበኑም ይለቃልና። ከሲሊንደሩ አቅም በታች የሚከፈት የደህንነት ቫልቭ ግዴታ ነው፣ ቆላ ለሚሄድም እስከ አፍ አይሞላ። ከፍታው ደግሞ ትንሽ ይረዳናል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው። ካርበኑ ጌጁ ዜሮ ሲል እንኳ ጋዝ ያስቀራል፣ በ40 ሊትሩ ሲሊንደር ከ0.3 እስከ 0.4 ሜትር ኩብ። ውጭ ያለው ግፊት ባነሰ መጠን የሚቀረው ይቀንሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ትንሽ የተሻለ ይወጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ማን ይግዛው? የእርድ ቤት፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ የከብት ማደለቢያ፣ በየቀኑ የሚተርፍ ጋዝ ኖሮት ማጠራቀሚያ ያጣ ሁሉ ሊያስብበት ይችላል። በብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም የተሠራው የ6 ሜትር ኩብ የቤት ማብላያ ያለው ገበሬ ግን ጉልላቱ ራሱ ጋዙን ያጠራቅምለታል፤ አንድ ኪሎ እበት ወደ 40 ሊትር ጋዝ በሚሰጥበት ሂሳብ 25 ኪሎ እበት አንድ ሜትር ኩብ ነውና ሁሉም በዕለቱ ያልቃል። እሱ ከከረጢቱ የሚጠቅመው ካለ ሰልፋይድ መያዣው ማጣሪያ ነው፤ ለዚያም የአምስት ኪሎ ዋጋ ይከፍላል እንጂ ሲሊንደርና ኮምፕረሰር ውስጥ አይግባ።

ያገለገለውን ካርበን ለማስወገድ፦ ድኝ የጠጣውን ምድጃ ውስጥ አታንድዱት፣ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል። ከሲሊንደር ሲወጣ ጋዝ ይዞ ስለሚወጣ መጀመሪያ ነፋሻ ሜዳ ላይ በቀጭኑ ተሰጥቶ አንድ ቀን ይዋል፣ ውሃ ይርከፍከፍበት። እርጥብ ካርበን ያለበት ዝግ ታንክ ውስጥ ማንም አጎንብሶ አይግባ፤ ኦክስጅኑን ጠጥቶት ሊሆን ይችላል።